ካርቦን ፋይበርም ይበየዳል

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አዳዲስ አውሮፕላኖች ያወጣችሁትን ወድጄዋለሁ። ግን ካርቦን ፋይበር (በፕላስቲክ ተጣብቆ የተደራረበ የካርቦን ክር) አይበየድም፣ በብሎንና በሪቬት ብቻ ነው የሚያያዘው የሚለው ግማሽ እውነት ነው።

ቤት ውስጥ የፕላስቲክ ባልዲ ሲሰነጠቅ ቢላ እሳት ላይ አግለን ስንጥቁን እናቀልጠውና ይደፈናል። የመጥበሻውን ጥቁር እጀታ ግን እንደዛ ብናደርገው ይከስላል እንጂ አይቀልጥም። ካርቦኑን አጣብቆ የሚይዘው ፕላስቲክም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ነው። የቦይንግ 787 አውሮፕላን አካል በአብዛኛው የእጀታው ወገን ነው፣ አንዴ ከደረቀ አይመለስም። ቴርሞፕላስቲክ የሚባለው ግን የባልዲው ወገን ነው፤ ፒፒኤስ የሚሉት ዓይነት 280 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ፒክ የሚሉት ደግሞ 343 ገደማ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል።

ደግሞ ወሬ ብቻ አይደለም። የኤርባስ ኤ380 ክንፍ የፊት ጠርዝ፣ ክሩ የመስታወት ቢሆንም፣ ቴርሞፕላስቲክ ስለሆነ በኤሌክትሪክ ሙቀት ተበይዷል። ገልፍስትሪም ጂ650 የተባለው የግል ጄት ጅራት ላይ ያሉት የካርቦን መሪዎችም በኢንዳክሽን (በማግኔት መስክ በማሞቅ) የተበየዱ ናቸው።

እኔ በብሎን ላይ ያለኝ ቅሬታ ቀዳዳው ነው። የካርቦን ፋይበር ጉልበት ያለው ክሩ ሳይቆረጥ በመሄዱ ነው፤ ድሪል ሲገባበት ክሩ ይበጠሳል፣ ድርብርቡ ሊላቀቅ ይችላል፣ ጫናውም ቀዳዳው ዙሪያ ይከማቻል፣ ያንን ለመቋቋም ሲባል ቦታው ይወፍርና ክብደት እንቀንሳለን ብለን የጀመርነው ሥራ ክብደት ይጨምራል። አልሙኒየም ሪቬት ደግሞ ካርቦን ነክቶ እርጥበት ካገኘ እንደ ዝገት እየተበላ ያልቃል። ስለዚህ ውዱ ቲታኒየም ይመጣል።

ብሎን ይቅር ግን አልልም። ለጥገና የሚከፈት ቦታ በብየዳ አይዘጋም። የአየር መንገዳችን ኤ350ም ውስጡ ብዙ የቴርሞፕላስቲክ ማያያዣዎች አሉት፣ ከማይቀልጠው አካል ጋር የታሰሩት ግን በሪቬት ነው፤ የሚቀልጠው ከማይቀልጠው ጋር እንዲሁ በቀላሉ አይበየድማ!

የብየዳ እውነተኛ ችግር ፍተሻው ነው፣ እሱን ብትጽፉልን ደስ ይለኛል። ብሎን ከላላ ይታያል፣ ይጠብቃል። ብየዳ ግን ላዩ አምሮ ውስጡ በደንብ ሳይያያዝ ሊቀር ይችላል፣ የተነካካ ግን ያልተዋሃደ ቦታ ደግሞ በአልትራሳውንድም ሊያመልጥ ይችላል። ሲበየድ የሚጫነው ግፊት ሳይቀዘቅዝ ከተነሳለትም ድርብርቡ ያብጣል። ለዚህ ነው ሙቀቱ፣ ግፊቱና ጊዜው በእያንዳንዱ ብየዳ ላይ መመዝገብ ያለበት። እኔ ለዘለዓለም ተዘግቶ ለሚቀር መጋጠሚያ ብየዳን እመርጣለሁ፣ መዝገቡ ካለ ብቻ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ