ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ጥናታችንን ስለምንሰስትበት ምክንያት

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

እኔ በጎጃም የአፈር አሲዳማነትን የማጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ያጸደቀው አገራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ክፍት ይሁን ማለቱ ተገቢ መሆኑን በራሴ ላይ ከደረሰው አውቃለሁ። የአዊ ገበሬዎች የአፈርን አሲዳማነት ለመቀነስ በሚጠቀሙበት ኖራ ላይ የተሠራ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በኢንተርኔት ባለመገኘቱ፣ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ፣ ሠንጠረዦቹን ሁለት ቀን ሙሉ በእጄ ገልብጫለሁ።

ይሁን እንጂ የራሴን የማስረክብበት ቀን ሲቃረብ እኔም ሰሰትሁ። አብረውኝ የሚማሩትም የሌላውን ጥናት ከዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማከማቻ አውርደው እያነበቡ፣ የራሳቸው እንዳይከፈት ይሻሉ። ይህን ንፉግነት ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። የሜዳ መረጃውን ሌላ ሰው ቀድሞ በስሙ ያሳትመዋል፣ ጆርናልም አንዴ የወጣ ነው ብሎ ይመልሰዋል የሚል ስጋት አለባቸው፤ ብዙዎቹ አሳታሚዎች ግን በዩኒቨርሲቲ ማከማቻ የተቀመጠን የመመረቂያ ጽሑፍ እንደ ቀዳሚ ኅትመት እንደማይቆጥሩት የነገራቸው የለም። ስርቆትን በተመለከተ የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ለእኛ ለጎጃሞች በቂ ምስክር ነው፤ ቅኔ በጉባኤ ፊት ከተሰማ በኋላ የማን እንደሆነ ሰሚው ሁሉ ያውቃልና ለሌላ ሰው የራሴ ነው ማለት ይከብደዋል። ማከማቻውም የገባበትን ቀን ከባለቤቱ ስም ጋር ይመዘግባል፣ ለጽሑፉም ቋሚ አድራሻ ይሰጣል፤ በመደርደሪያ የተቆለፈ ጥራዝ ግን ቢገለበጥ ማንም አያውቅም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ጽሑፉ በመከፈቱ የደራሲውን መብት አያነሣም።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ዩኒቨርሲቲዎችን እንዲያዝልን የምጠይቀው ይህንን ነው። ስለ ጥናት መከፈት የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ተማሪው ጥናቱን የቀዳበትን ሲዲ ይዞ ለክሊራንስ በሚሯሯጥበት ቀን ሳይሆን የጥናት ዕቅዱን በሚያቀርብበት ጊዜ፣ አማካሪው ባለበት ይሰጥ። በማስረከቢያው ቅጽ ላይም ርእሱና አጽርኦቱ ወዲያው ታይተው፣ ሙሉው ጽሑፍ ግን ተማሪው ከፈለገ እስከ አንድ ዓመት ተዘግቶ እንዲቆይ የሚመርጥበት ቦታ ይኑር።

የእኔን ጥናት ያለ ምንም የቆይታ ጊዜ እንዲከፈት ፈርሜ አስረክባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ