ዳግላስን ያጋቡት ኮብላይ ቄስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የአሜሪካ ባርነት እንዴት እንደቀረ በጋዜጦች ሲጻፍ ሊንከንና ከባርነት አምልጦ የባርነት ተቃዋሚ የሆነው ፍሬዴሪክ ዳግላስ አይቀሩም፤ መነሣታቸውም ተገቢ ነው። ዳግላስን ሴፕቴምበር 15 ቀን 1838 ኒው ዮርክ ውስጥ ከአና መሪ ጋር ያጋቡት ቄስ ግን ስማቸው አይጠራም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሙሽራው ከሜሪላንድ ካመለጠ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር። አጋቢው ቄስ ጄምስ ፔኒንግተንም ከዚያችው ከሜሪላንድ የኮበለሉ፣ በሕግ ዐይን አሁንም የሌላ ሰው ንብረት የነበሩ ሰው ናቸው። የእኚህ ሰው ሕይወት ሊነገር የሚገባው በተለይ በዚህ ምክንያት ነው፤ የባርነት ታሪክ ሲተረክ ባሪያው ድንበር በተሻገረበት ምዕራፍ ላይ ይዘጋል። ለፔኒንግተን ግን ድንበሩን መሻገር የ24 ዓመት ስጋት መጀመሪያ ነበር።

የተወለዱት በ1807 በሜሪላንድ ምሥራቃዊ ክፍል ነው፤ ስማቸውም ጂም ፔምብሮክ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው፣ ታላቅ ወንድማቸውና እሳቸው የጌታው ልጅ ለሆነው ለፍሪስቢ ቲልማን ተሰጥተው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሄገርስታውን አካባቢ ተወሰዱ። በዘጠኝ ዓመታቸው ለግንበኛ ተከራዩ፤ ቀጥሎ ብረት ቀጥቃጭነት ተማሩ፤ በሙያውም የተዋጣላቸው ሆኑ። አባታቸው መልስ ሰጠህ ተብለው በጌታው እጅ ሲገረፉ ካዩ በኋላ ልባቸው ከዚያ ቤት ወጣ።

የኮበለሉት በ1827፣ እሑድ ቀን ነው። የያዙት ትንሽ ልብስና ጥቂት የበቆሎ ዳቦ ነበር፤ መሪያቸው ደግሞ የሰሜን ኮከብ ብቻ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ነፃው ክፍለ ግዛት ፔንሲልቫንያ ከሄገርስታውን በስተ ሰሜን ቢበዛ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መንገዱን የሚያውቅ ጠንካራ ወጣት በአንድ ሌሊት ይደርስበታል። ፔኒንግተን ግን ማንበብ አልተፈቀደላቸውም፤ ካርታ አይተው አያውቁም፤ ርቀቱንም የነገራቸው ሰው የለም። ደመና ኮከቡን ሲሸፍንባቸው ያገኙትን መንገድ ተከተሉ፤ መንገዱ የሚያመራው ግን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባርነቱ አገር እምብርት ነበር። ሌሊት ተጉዘው፣ ቀን ተደብቀው ሲያበቁ አንድ የኬላ ጠባቂ ልጅ ባልቲሞር ለመድረስ 18 ማይል ብቻ እንደቀራቸው ነገራቸው። የባሪያ ባለቤቶች ማንበብን ለምን እንደሚፈሩ የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ በአንድ ሌሊት የሚያልቀውን መንገድ የብዙ ቀን መከራ ያደረገው ካርታ አለማወቅ ነው።

ሁለተኛው አደጋ የመጣው ከረሃብና ከድካም ነው። በቀን ብርሃን በዋናው መንገድ ሲሄዱ «የነፃነት ወረቀትህን አሳይ» በሚሉ ሰዎች እጅ ወደቁ። ያመለጡት በዘዴ ነው፤ የባሪያ ነጋዴ ንብረት እንደነበሩ፣ ነጋዴውም በፈንጣጣ እንደሞተ ተናገሩ፤ ያዦቹ በሽታውን ፈርተው ራቅ አሉ። በኋላም እንዲጠብቃቸው ከተተወ ልጅ ዐይን ተሰወሩ። በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪክ መጽሐፋቸው ውስጥ ይህን ውሸት አያሞካሹትም። ወላጆቻቸው እውነት መናገርን እንዳስተማሯቸው፣ በውሸት ነፃ ለመውጣትም አስበው እንዳልነበር ጽፈው፣ ሰውን እንዲህ ካለ አጣብቂኝ ውስጥ የሚከትተውን ሥርዓት ይከሱበታል። እንደ እኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠው ክፍል ይህ ነው፤ ስብከት ሳይሆን የሕሊና ምርመራ ነውና።

በዝናብ በስብሰው፣ በበቆሎ አገዳ ክምር ውስጥ እያደሩ በመጨረሻ ፔንሲልቫንያ ገቡ። አንዲት ሴት ኩዌከር (ባርነትን የሚቃወም የክርስትና ወገን ተከታይ) ወደነበረው ወደ ዊልያም ራይት ቤት ላከቻቸው። እዚያ ስድስት ወር ሠርተው ኖሩ፤ ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ተማሩ፤ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሲነገር ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው «በዬል ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ» የሚለው ነው። በ1830ዎቹ አጋማሽ በዬል የነገረ መለኮት ትምህርት ተከታትለዋል፤ ግን እንደ ተማሪ አልተመዘገቡም፤ በክፍል ውስጥ መናገርም ሆነ ከቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መዋስ ተከልክለው ነበር። ዬል ለእሳቸውና ለቄስ አሌክሳንደር ክሩሜል ዲግሪ የሰጠው በ2023 ነው። ሁለተኛው ስህተት የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ በ1849 የሰጣቸውን የነገረ መለኮት ዶክትሬት ተምረው እንዳገኙት መጻፍ ነው፤ የክብር ዶክትሬት ነው።

በሃርትፎርድ፣ ኮኔቲከት፣ የታልኮት ጎዳና ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሳሉ በ1841 የጥቁር ሕዝብን አመጣጥና ታሪክ የሚያስረዳ መማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። ጥቁሮች የተረገመው የከነዓን ዘር ናቸው የሚለውን የባርነት ጠበቆች ክርክር በመጽሐፍ ቅዱስ የትውልድ ሐረግ አፈረሱት፤ የሕዝባቸውን ምንጭም ከኩሽና ከምጽራይም፣ ማለትም ከኢትዮጵያና ከግብፅ ሳቡ። የአማርኛ አንባቢ ይህን ማወቅ አለበት።

ምስጢራቸውን ለጠበቃው ለጆን ሁከር የገለጡት በሃርትፎርድ ነው። ሁከር ማንነታቸው በማይታወቅበት መንገድ ቲልማንን ቢጠይቅ 500 ዶላር ተባለ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። በ1850 የወጣው የኮብላዮች ሕግ ግን ሁሉን አከበደው። ተያዡ ለራሱ መመስከር አይችልም፤ ዳኞች የሚሆኑ ዜጎች አይቀመጡለትም። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ሰውዬውን ለባለቤቱ ሲመልስ 10 ዶላር፣ ነፃ ሲለቅ ግን 5 ዶላር ይከፈለዋል። ኮብላይን የረዳ እስከ 1000 ዶላር መቀጫና እስከ ስድስት ወር እስራት ይጠብቀዋል። ፔኒንግተን ያን ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ ነበሩ፤ ወደ ቤታቸው መመለስ አልቻሉም። ቲልማን ሞቶ ስለነበር ሁከር ከውርስ አጣሪው ጋር ተደራድሮ በ150 ዶላር ገዛቸው። ገንዘቡን ያዋጡት በስኮትላንድ የደንስ ከተማ ወዳጆቻቸው ናቸው። በጁን 1851 ሁከር የአርነት ሰነዱን ፈርሞ በሃርትፎርድ መዝገብ አስገባ። የሃይደልበርግ የክብር ዶክተር የሆኑ ቄስ ለአጭር ጊዜም ቢሆን የአንድ ጠበቃ ንብረት ሆነው በሰነድ ሰፈሩ ማለት ነው።

በ1849 ለንደን ላይ ባሳተሙት «ኮብላዩ ብረት ቀጥቃጭ» በተባለው የሕይወት ታሪካቸው መግቢያ የሚከራከሩት ይህንኑ ነው። የባርነት ነፍስ ሰውን በሽያጭ ሰነድ ንብረት ማድረጉ ነው፤ ጅራፉ፣ ረሃቡና እርዛቱ ከዚያ የሚወለዱ ናቸው ይላሉ። ስለዚህ «ደግ ጌታ» የሚባለውን ማስተባበያ አይቀበሉም፤ ደጉ ጌታ ሲሞት ወይም ሲከስር ባሪያው ከሌላው ዕቃ ጋር ይሸጣልና።

ክርክሩ በቤተሰባቸው ላይ ሲደርስም አዩት። በሜይ 1854 ወንድማቸው እስጢፋኖስ ፔምብሮክ ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር ኮብልሎ ኒው ዮርክ ደረሰ፤ ተከታዮቹ ያዟቸው፤ ኮሚሽነሩም ፈጥኖ መለሳቸው። ወንድማቸውን በመዋጮ ዋጁት፤ ልጆቹ ግን ተሸጡ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ መምህርቷ ኤልዛቤት ጄኒንግስ ጥቁር በመሆኗ በፈረስ ከሚጎተት የከተማ ሠረገላ በግድ ወርዳ ከሰሰች፤ በ1855 ተፈረደላትና 225 ዶላር ካሳ ተወሰነላት። ፔኒንግተን ምእመናን በሠረገላ እንዲሳፈሩ አበረታቱ፤ ራሳቸውም ተጎትተው ወረዱ፤ ክስ መሥርተው ግን ተረቱ። በ1870 ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ነፃ በወጡት መካከል እያገለገሉ አረፉ።

ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። «ኮብላዩ ብረት ቀጥቃጭ» ከመቶ ገጽ አይበልጥም፤ የደራሲ መብቱም ካበቃ ቆይቷል። በየሳምንቱ በተከታታይ ተተርጉሞ ቢወጣ ሁለት ነገሮች ቢጨመሩበት መልካም ነው፤ ከሄገርስታውን እስከ ባልቲሞርና እስከ ፔንሲልቫንያ ድንበር የሚያሳይ ቀላል ካርታ፣ እንዲሁም ስለ 1793ቱና ስለ 1850ው የኮብላዮች ሕጎች ግማሽ ገጽ ማብራሪያ። ያለ ካርታው የመንገዱ ስህተት፣ ያለ ሕጎቹም የ150ው ዶላር ነገር ለአንባቢ አይገባውም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የታሪክ አንባቢ