ስለ ረጅም መንገድ ሹፌሮች ብቸኝነት ለትራንስፖርት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ ክቡር ሚኒስትር፣

የረጅም መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ስለ መንገድ ብልሽት፣ ስለ ነዳጅና ስለ ጎማ ብዙ ሰው እንደሚጽፍልዎ አውቃለሁ። እኔ የምጽፍልዎ ስለ ብቸኝነታችን ነው። የእርስዎን ቢሮ የማይመለከት የግል ስሜት ሊመስልዎ ይችላል። ግን ይመለከተዋል። አብዛኛው ብቸኝነታችን የሚመጣው ከሥራው አደረጃጀት ነው፣ አደረጃጀቱን የሚወስነው ደግሞ የእርስዎ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው መመሪያ ነው።

ሰው ሲያስበው የሚከብደው ቀኑን ሙሉ ብቻ መንዳቱ ይመስለዋል። መንዳቱስ ደህና ነው። መንገዱ ሐሳብ ይይዛል፣ እንዲያውም ዝምታውን ወደው ወደዚህ ሥራ የገቡ ጓደኞች አሉኝ። የሚከብደው መኪናው ሲቆም ነው። ሞተሩን አጥፍተን፣ ቀኑን ሙሉ በዋልንበት ጋቢና ውስጥ እዚያው ስናመሽ። ቤት ያሉት ደክሟቸው ተኝተዋል፣ ወይም በራሳቸው ጉዳይ ተጠምደዋል፤ እኛ ደግሞ እንቅልፉም አልመጣ፣ የሚያወራንም የለ።

ከሁሉ የባሰው ወረፋው ነው። ለመጫን ወይም ለማራገፍ ተሰልፈን፣ አለዚያም የጉምሩክ ወረቀት እየጠበቅን፣ መቼ እንደምንጠራ ሳናውቅ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ያልፋሉ። መኪናውን ጥሎ መሄድ አይቻልም። ተረጋግቶ መተኛትም አይቻልም፣ ተራ ያልፋል። ግቢው ሙሉ ሹፌር ነው፣ ግን እያንዳንዳችን በየጋቢናችን ተዘግተን ስልካችንን እናያለን፣ ምክንያቱም አብረን የምንቀመጥበት አንድ አግዳሚ ወንበር እንኳ የለም። ብዙዎቻችን የሚከፈለን በምልልስ ወይም በኪሎ ሜትር ስለሆነ ያ ሁሉ ጥበቃ ደመወዝም የለው። ዕረፍትም ሥራም ያልሆነ ጊዜ ነው።

ቤተሰብም ቀስ እያለ ይርቃል። በስልክ የምናወራው ያጥራል። ደረስክ፣ ደረስኩ፣ በላህ፣ በላሁ፣ በቃ። ሠርጉም ሐዘኑም ያመልጠናል። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ነገር አይነግሩንም። ልጅ ታሞ፣ ሐኪም ቤት ገብቶ፣ ድኖ ከወጣ በኋላ ነው የምንሰማው። «መንገድ ላይ ስለሆንክ እንዳትጨነቅ ብለን ነው» ይላሉ። አስበውልን ነው፣ ይገባኛል። ግን እንዲያ በተደረገልን ቁጥር ከቤታችን አንድ እርምጃ እንወጣለን። ስንመለስም ቤቱ ያለ እኛ መኖር ለምዷል። ልጆቼ ፈቃድ የሚጠይቁት እናታቸውን ነው፣ እኔ እንደ እንግዳ ነኝ። መላመድ ስንጀምር ጭነት ተገኝቷል ተብሎ ይደወላል።

እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። አንዳችን ለሌላው የምንነግራቸው ዘዴዎች አሉ፣ ይሠራሉም። ቤት የሚደወልበት ሰዓት የታወቀ ይሁን፣ ልጆቹም እንዲጠብቁት። ሲደወል «ደህና ነኝ» ብሎ ከመዝጋት ይልቅ የቀኑን ተራ ነገር ማውራት፣ ያየነውን፣ ያናደደንን፣ እነሱም የዋሉበትን። በአንድ መስመር የምንሠራ ሹፌሮች እንጠባበቃለን፣ ቆመን ባረፍንበት ሰዓት እንደዋወላለን፣ ድምፁ የጠፋ ሰው ካለ የት ገባ ብለን እንፈልገዋለን። ከመተኛት በፊት ከጋቢና ወርዶ ትንሽ መራመድም ከሚታሰበው በላይ ይረዳል። ለአዲስ ሹፌር እነዚህን ሁሉ እመክራለሁ። ይሁንና ዘዴ የቱንም ያህል ቢያግዝ ወደ ቤት የሚመለስበትን ቀን የማያውቅን ሰው ከቤቱ ሊያገናኘው አይችልም።

ክቡር ሚኒስትር፣ ብቸኝነት የመንግሥት ጉዳይ ከሆነ ቆይቷል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለብቸኝነት ጉዳይ ኃላፊ ሚኒስትር ሾማለች፣ ጃፓንም በ2021 ተከትላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚሽን በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ፣ ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሞትም በዓመት 871,000 ገደማ እንደሚገመት ገልጿል። በእኛ ሥራ ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። ብቸኝነት እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ያጣ ሹፌር የሚነዳው ከባድ መኪና ለሌላውም መንገደኛ አደጋ ነው።

ስለ ሰዓታችን ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1979 ያወጣው ቁጥር 153 ስምምነት ሳያርፉ መንዳትን በ4 ሰዓት፣ የቀኑን በ9 ሰዓት፣ የሳምንቱን በ48 ሰዓት ይገድባል። ጥሩ ነው፣ ሕይወት ያተርፋል። ግን እንዲህ ያለው ሕግ የዕረፍቱን ሰዓት ይቆጥራል እንጂ ዕረፍቱ የት እንደሚያልፍ፣ ከማን ጋር እንደሚያልፍ አይጠይቅም። ጋቢና ውስጥ ብቻዬን ግድግዳ እያየሁ ያሳለፍኩትም ዕረፍት ተብሎ ይመዘገባል።

መርከበኞችን ይመልከቱ። እነሱም እንደ እኛ ጭነት ይዘው ከቤት ርቀው ይከርማሉ። የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አገሮች በወደቦች ላይ የሚያርፉበትንና የሚገናኙበትን አገልግሎት እንዲያስፋፉ ያዛል። በ2022 ተሻሽሎ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ክፍል ደግሞ የመርከብ ባለቤቶች በተቻለ መጠን ለሠራተኞቻቸው ኢንተርኔት እንዲያቀርቡ ይላል። ያንኑ ዕቃ ከወደቡ ተቀብለን የምናደርሰው እኛ ነን። ለመርከበኛው የታሰበው ለሹፌሩ የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ በፊት የምጠይቅዎ የመመለሻ ቀን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 ባወጣው ደንብ ድርጅቶች ሹፌሮቻቸው ቢያንስ በየአራት ሳምንቱ ወደ ቤታቸው መመለስ እንዲችሉ ሥራውን እንዲያደራጁ ግዴታ አድርጓል፣ የ45 ሰዓቱን መደበኛ ሳምንታዊ ዕረፍትም ጋቢና ውስጥ ማሳለፍን ከልክሏል። እኛም ጋ የመመለሻው ቀን በሥራ ውላችን ላይ ይጻፍ። ሩቅም ቢሆን ቀኑ ይታወቅ። ቀን ያለው ሰው ለልጁ ቃል መግባት ይችላል፣ ሚስቱም ጉዳዩን ለዚያ ቀን ታቆየዋለች፣ እሱም የቤቱ ሰው ሆኖ ይቆያል።

ሁለተኛው ወረፋ የምንጠብቅበት ቦታ ነው። መጫኛና ማራገፊያ ግቢ የሚያንቀሳቅስ ሁሉ፣ ጉምሩክም ቢሆን፣ ሹፌሮች የሚቀመጡበት ክፍል፣ መጸዳጃ፣ ሻወርና ኢንተርኔት እንዲያዘጋጅ ይታዘዝ። ተራ ሲደርስ በስልክ መልእክት ይነገረን፣ ያን ጊዜ ጋቢና ውስጥ ተቸንክረን አናድርም። ለግቢው ፈቃድ ስትሰጡ በር፣ አጥርና ሚዛን ትመረምራላችሁ። ሰው የሚቀመጥበትንም አብራችሁ መርምሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ጤና ምርመራችን። ዓይናችንና የደም ግፊታችን ይታያል። እንቅልፍ አለህ ወይ፣ ልብህ ተረጋግቷል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሐኪም ግን የለም። ይጠየቅ። ነገር ግን መልሱ መንጃ ፈቃድ የሚያሳጣ ከሆነ ማንም እውነቱን አይናገርም፣ ሁላችንም ደህና ነኝ ብለን እንወጣለን። ስለዚህ ሹፌሩ የሚናገረው በሐኪሙ ዘንድ ብቻ የሚቀር መሆኑን፣ እንጀራውንም እንደማያጣ ሕጉ ያረጋግጥለት። የቤተሰብ አባልን በጋቢና ይዞ መሄድም በብዙ ድርጅት የተከለከለ ነው። የመድን ጥያቄ እንዳለበት አውቃለሁ፣ ግን በዓመት ለአንድ ጉዞ እንኳ በሕግ የሚፈቀድበት መንገድ ቢፈለግ መልካም ነው።

መመሪያው ሲረቀቅ ባለ ድርጅቶቹን ብቻ እንዳትጠሩ። ሹፌሮችን ጥሩ፣ የሹፌር ሚስቶችንና ባሎችንም ጥሩ። እኛ ስብሰባ ላይ ስለ ጭነትና ስለ ክፍያ አውርተን የምንነሳ ሰዎች ነን፣ ሌሊት ደውለን ምን እንደምንል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የረጅም መንገድ ሹፌር