ዕድገት በጽሑፍ ብዛት ብቻ አይለካ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በምርምር ተቋማት ስለሚሠሩ ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቀርቶበታል፤ የሥራ ዕድገታቸው በምን ይለካል? ዛሬ ሚዛን የሚደፋው የታተሙ ጽሑፎች ቁጥር ነው። ይህ ደግሞ ሰውን ከከባድ ጥያቄዎች ያሸሻል። የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪዋ ካታሊን ካሪኮ በኤምአርኤንኤ (ለሕዋስ የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ በሚያደርሰው ሞለኪውል) ላይ ሲለፉ የምርምር ገንዘብ አጥተው እ.ኤ.አ. በ1995 ከደረጃቸው ዝቅ ተደረጉ። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ2023 ነው። ያን ያህል መታገሥ ያልቻሉት ስንቶቹ ወጥተው ቀሩ? ያሳዝነኛል።

የሁለት ዓመት ኮንትራት ያለው ወጣትም አምስት ዓመት የሚፈጅ ሙከራ አይደፍርም።

ስለዚህ ተቋማት የመጀመሪያውን ኮንትራት ቢያንስ አምስት ዓመት ያድርጉት። የዕድገት ኮሚቴዎችም ጽሑፍ ከመቁጠር ይልቅ ሦስት የተመረጡ ሥራዎችን አንብበው ይወስኑ። ያልተሳካ ነገር ግን በጥንቃቄ የተመዘገበ ሙከራም ይያዝላቸው።

አንድ አንባቢ