ያረጀ ላፕቶፓችሁን አትጣሉ፤ ዊንዶውስ 7 ግን አትጫኑበት

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፦

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስለመቋረጡ ባለፈው ሰሞን ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ። ቀኑ ትክክል ነው፤ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ያልተስማማኝ መጨረሻው ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ሰው አዲስ ቢገዛ ይሻለዋል ብላችሁ ዘጋችሁት። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ 12 ዓመት ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑን ታቅፎ «ይሄ ነገር በቃ ሞተ ማለት ነው?» እያለ የሚመጣው ሰው በዛ። አብዛኛው አዲስ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። አንዳንዱ ደግሞ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ሌላ ቦታ ሄዶ፣ «ይቀልለዋል» ተብሎ ዊንዶውስ 7 አስጭኖ ይመጣል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። ድጋፉ ተቋረጠ ማለት ላፕቶፑ መሥራት ያቆማል ማለት አይደለም። ይከፈታል፣ ይጻፍበታል፣ ያትማል። የሚቋረጠው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደኅንነት ማስተካከያ ነው። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የለም ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ይሄ ገና መጀመሩ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ግን ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው ያበቃው። ስለዚህ ከ10 ወደ 7 መመለስ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ይሄን የምለው ደርሶብኝ ስለሆነ ነው። እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከደንበኛ ፍላሽ የምንቀበልበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነበር። የድሮው ፕሪንተራችን ከሱ ጋር ይግባባ ስለነበር አልነካነውም። ድጋፉ ማብቃቱን አውቅ ነበር፤ ግን «ምን ይመጣል» ብዬ ተውኩት። አንድ ባለሙያ አክቲቬት ላድርገው ብሎ ከኢንተርኔት ክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ዊንዶውስን የሚከፍት ፕሮግራም፣ አወረደ። ክራኩ ቫይረስ ይዞ ገባ። ሰኞ ጠዋት ስንከፍተው ፋይሎቹ በሙሉ ተቆልፈዋል፣ ስማቸው ተቀይሯል፣ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። ከመሀላቸው የአንድ የስድስት ኪሎ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበረ፤ ምዕራፍ አራት። ልጁ ሌላ ኮፒ አልነበረውም። ደግነቱ አማካሪው ያረመለት የታተመ ወረቀት እጁ ላይ ስለነበር ሦስት ሌሊት አብረን ተቀምጠን እንደገና ጻፍነው። ያን ቀን ጠዋት የልጁ ፊት እንዴት እንደነበረ እስካሁን አልረሳሁትም።

ዊንዶውስ 7 ይቀላል የሚሉት እውነታቸውን ነው። በ2 ጊጋ ራም፣ ማለትም በትንሽ የሥራ ማህደረ ትውስታ፣ ያለችግር ይነሳል። ግን ሰው ላፕቶፕ የሚከፍተው ዴስክቶፑን ለማየት አይደለም፤ ኢሜይል ሊያይ፣ የሥራ ማመልከቻ ሊልክ፣ ባንኩን ሊከፍት ነው። ጉግል ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ዊንዶውስ 7ን ትቶታል፤ የመጨረሻው የሚሠራበት ቁጥር 109 ነው። ያንን ይዞ የባንክ የይለፍ ቃል ማስገባት እኔን ያስፈራኛል። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ላይ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ አብዛኞቹ የተጠቁት ዊንዶውስ 7 የነበራቸው ናቸው። ያውም ማስተካከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ያልጫኑት ናቸው የተጎዱት። ዛሬ ደግሞ ለዊንዶውስ 7 የሚወጣ ማስተካከያ ራሱ የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው የዊንዶውሱን ቁጥር አይደለም። ዲስኩን ነው።

«ቲቸር» እያልኩ የምጠራቸው ጡረተኛ መምህርት አሉ። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸው ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1 ነው፤ ፒያሳም መገናኛም ያገለገለ ላፕቶፕ በሚሸጥበት ሁሉ የሚገኝ ጠንካራ ዕቃ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4300 ይላል፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው፣ ዊንዶውስ 10 አለው። «ልጄ፣ ቡና አፍልቼ እስክጠጣ አይከፈትም፤ ጣሉት አሉኝ» ብለው አዝነው መጡ። ተረት እየጻፉበት ነው፤ በልጅነታቸው የሰሙትን ለልጅ ልጆቻቸው። ከፍቼ ታስክ ማኔጀር ላይ ሳየው ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ቆሟል። «ቲቸር፣ ላፕቶፑ ጤነኛ ነው፤ የደከመው ዲስኩ ነው» አልኳቸው።

የድሮው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ሳህን ነው። ዊንዶውስ 10 ሲነሳ በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ይጠይቀዋል፤ የሚያነበው ጫፍ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት ግን የሚዞር ነገር የለውም። 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ገባለት፣ ራሙ 8 ጊጋ ሆነ፤ ያው ዊንዶውስ 10 ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ መከፈት ጀመረ። ወጪው ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ኤስኤስዲ ግዙ። ራሙ ቀጥሎ ይምጣ። ስሪት መቀያየር ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዊንዶውስ 11። «ዲስ ፒሲ» ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ስትሉ የፕሮሰሰሩ ስም ይመጣል። ኢንቴል ኮር ከሆነ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር እዩ። 4300 ከሆነ አራተኛ ትውልድ ነው፣ 8250 ከሆነ ስምንተኛ፣ 10210 ከሆነ አሥረኛ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን የሚፈቅደው ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕም ይፈልጋል። የናንተ ከዚያ በላይ ከሆነ ሳታመነቱ ወደ 11 ሂዱ፤ በነጻ ነው የሚያሻሽለው።

ከዚያ በታች ለሆነው ግን ፍተሻውን አልፈው በግድ የሚጭኑ ልጆች አሉ። ይጫናል፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ማስተካከያ ለመላኩ ዋስትና አይሰጥም፤ በየዓመቱ የሚመጣው ትልቁ ስሪት በራሱ አይገባም፣ እንደገና በእጅ መጫን ይፈልጋል። ራሱ ለሚችል ሰው ችግር የለውም። ለቲቸር ግን በየዓመቱ ሰው መፈለግ ነው። ፕሮሰሰራቸው ኮር ቱ ዱዎ የሆነ የድሮዎቹ ደግሞ 24ኤች2 ከሚባለው ስሪት ወዲህ ያለውን ዊንዶውስ 11 ጭራሽ አያስነሱትም፤ ፕሮሰሰሩ የሚፈለገውን ትእዛዝ አያውቅም።

ዊንዶውስ 10 ላይ ለሚቆይ ሰው ጽሑፋችሁ ያልነገረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የአንድ ዓመት የደኅንነት ማራዘሚያ ሰጥቷል፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ። ስሪቱ 22ኤች2 መሆን አለበት፣ የማይክሮሶፍት አካውንትም ያስፈልጋል። የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ከአካውንቱ ጋር ባክአፕ ያደረገ ሰው በነጻ ያገኘዋል፤ ካልፈለገ 30 ዶላር ነው። ምዝገባው እዚያው የዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ይመጣል። ቲቸርን የመዘገብኳቸው ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ነው። በእኛ ከተማ በዶላር መክፈል ለስንቱ ሰው እንደሚከብድ እያወቃችሁ በነጻ ያለውን ሳትጽፉ ማለፋችሁ በጣም ቆጭቶኛል።

«የማሻሻያው ዳታ ከየት ይምጣ?» የሚል አለ፣ እውነቱን ነው። የሞባይል ጥቅል ገዝቶ በሆትስፖት የሚሠራ ሰው አንድ አፕዴት ጥቅሉን ሊበላበት ይችላል። ዋይፋዩን «ሜተርድ ኮኔክሽን» አድርጉት፣ ያኔ ዊንዶውስ እንደፈለገ አያወርድም። ማስተካከያው የሚወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ በዚያ ሳምንት ቢሮም ዘመድም ጋ፣ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ሄዳችሁ አውርዱት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ግን መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አፕዴት አትጀምሩ። መሀል ላይ መብራት ሄዶ ዊንዶውሱ የተበላሸበት ብዙ ሰው አስተናግጃለሁ።

ስለ ክራክም ልበል፤ የደረሰብኝን ነግሬያችኋለሁ። አንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 10 አንዴ በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት ከሆነ፣ ፎርማት ተደርጎ ያው ዓይነት ሲጫን ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ። ከውጭ አገልግለው የሚመጡት ብዙዎቹ ሕጋዊ ፈቃድ አላቸው። ጫኚው ልጅ ግን ሳያይ ባለ ክራኩን ፍላሽ ይሰካል። መጫኛውን ማይክሮሶፍት ራሱ በነጻ ይሰጣል፤ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ኤልቲኤስሲ እየተባለ የሚወደሰው የዊንዶውስ ዓይነትም የሚሸጠው ለድርጅት ነው፤ ግለሰብ ጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በክራክ ነው።

የቀረው በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ ነው። ለኮር ቱ ዱዎውም፣ ከጥቅምት 2019 ዓ.ም. በኋላ ለቲቸር ላፕቶፕም የማስበው እሱን ነው። ሊኑክስ ሚንት ነጻ ነው፣ 22ኛው ስሪት እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማስተካከያ ያገኛል። ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይላል፤ 4 ቢሆን ይመረጣል። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዓይነቱ ለደካማ ማሽን ይቀልላል። ከሁሉ የምወድለት ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ ተነስቶ መሞከር መቻሉን ነው። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፁ ይሰማል? ፕሪንተራችሁ ያትማል? አይታችሁ ትወስናላችሁ።

«አማርኛ ይጽፋል ወይ?» ሁሉም የሚጠይቀኝ ይሄን ነው። ይጽፋል። ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ያው ነው። ኪይማን የሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ለሊኑክስም አለ፣ በለመድነው ኪቦርድ ድምፁን እየተከተልን እንጽፋለን። አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት ፎንቶችም በነጻ ይገኛሉ። ችግር የሚመጣው በድሮ ፓወር ግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ላላቸው ሰዎች ነው። ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ወደማይነበብ ምልክት ይቀየራል። ፓወር ግእዝ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ፋይላቸውን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ያስቀይሩ፣ ወይ ዊንዶውስ ላይ ይቆዩ።

ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ሒሳብ ሠራተኛም እንደዚያው፤ ሊኑክስ አይሆነውም፣ እንጀራው ዊንዶውስ ላይ ነው። የወንድሜ ልጅ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ለሱ የመከርኩት በኤስኤስዲ ዊንዶውስ 10፣ ከማራዘሚያው ጋር፤ እስከዚያ ብር አጠራቅሞ ስምንተኛ ትውልድ የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፉ ደግሞ ሊኑክስ ላይ በዎርድ ፋንታ የሚሠራው ሊብሬኦፊስ የዎርድ ፋይል ቢከፍትም ገጹ ሊዛነፍ ስለሚችል፣ አማካሪያችሁ ዎርድ ካለ ዎርድ ባለበት ጨርሱት።

ምንም ብትመርጡ ከፎርማት በፊት ፋይላችሁን ሁለት ቦታ ገልብጡ። ሁለት ቦታ ያልኩት አንዱ ፍላሽ ስለሚጠፋ ነው። ፋይል የሚደብቀው ሾርትከት ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ላይ ብቻ ያስቀመጡትን ምን ያህል እንደተቸገሩ አይቻለሁ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ጥቅምት 2019 ከመድረሱ በፊት ሌላ ጽሑፍ አውጡ። የፕሮሰሰር ትውልድ እንዴት እንደሚታይ፣ ማራዘሚያው በነጻ እንዴት እንደሚገኝ፣ ዊንዶውስ 7 ለምን እንደማይበጅ ጻፉበት። የእናንተን ጋዜጣ የሚያነበው ሰው እኔ ሱቅ ከሚገባው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ገጹ ላይ ቦታ ካነሰ የኔን ደብዳቤ ቆርጣችሁ የማራዘሚያውን ክፍል ብቻ አውጡልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ከአራት ኪሎ