የምክር ባለሙያ ለምን የፌስቡክ ጓደኛ አይሆንም?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በደሴ ከተማ የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት ከሚሰጡ ባለሙያዎች አንዱ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ካዳረሰ ወዲህ የውስጡን ጭንቀት ይዞ ወደ ባለሙያ የሚመጣ ሰው በአካባቢያችን እንግዳ መሆኑ እየቀረ ነው። ከዚሁ ጋር አብሮ የመጣና በይፋ ያልተነጋገርንበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ባለሙያና ተገልጋይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያደርጉት ግንኙነት ነው።

ተገልጋዮች ለአማካሪያቸው የጓደኝነት ጥያቄ የሚልኩት ምስጢራቸውን ላካፈሉት ሰው ካላቸው አክብሮት ተነሥተው ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ የቀረበን ወዳጅነት በዝምታ ማለፍ ንቀት ስለሚመስል፣ ብዙ ባለሙያዎች ሰው ላለማስቀየም ሲሉ ይቀበላሉ። እኔ መቀበል አይገባም እላለሁ። ባለሙያው ተገልጋዩ ሊነግረው ያልፈለገውን ከገጹ ላይ ያነባል፤ ተገልጋዩም በበኩሉ የአማካሪውን የፖለቲካ አስተያየት ያያል። በጦርነቱ ወንድሙን ያጣ ሰው ስለ ጦርነቱ የተለጠፈ አንድ ዐረፍተ ነገር ካነበበ በኋላ፣ በቀጣዩ ቀጠሮ እንደ ቀድሞው ልቡን ከፍቶ ሊናገር አይችልም።

የአሜሪካ የምክር ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ፣ ባለሙያው በወቅቱ ከሚያገለግላቸው ሰዎች ጋር በኢንተርኔት የግል ግንኙነት እንዳይመሠርት ይከለክላል፤ ያለ ፈቃዳቸውም ገጻቸውን እንዳይመለከት ያዛል። ይህ ሁለተኛው ክልከላ በእኛ ዘንድ ከመጀመሪያውም ይልቅ የተዘነጋ ይመስለኛል።

ጥያቄውን አለመቀበል ብቻውንም አይበቃም። ባለሙያው በግል ስልኩ ላይ የተገልጋዮቹን ቁጥር መዝግቦ የስልክ ማውጫውን ለፌስቡክ ከፈቀደ፣ ድርጅቱ ያንኑ ተጠቅሞ «የሚያውቋቸው ሰዎች» እያለ እርስ በርስ ሊያስተዋውቃቸው ይችላል። በቴሌግራም የሚላክ ተራ መልእክት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያም በላይ ስልክ በእኅትማማች ወይም በባልና ሚስት መካከል በሚዘዋወርበት ቤት፣ «ነገ በ9 ሰዓት ቀጠሮ አለን» የሚል መልእክት ብቻውን ምስጢር ያወጣል።

በቲክቶክ የተገልጋይን ታሪክ «ስሙን ደብቄ» ብሎ መተረክም እጅግ ያሳስበኛል። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ባሏ በ2014 ዓ.ም. የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ከተባለ፣ ስም ባይጠራም የእድሯ ሰዎች ማን እንደሆነች ወዲያው ያውቃሉ። የጤና መረጃ በ2016 ዓ.ም. በጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የተለየ ጥበቃ የሚሻ መረጃ ነው።

መፍትሔው ከመጀመሪያው ቀጠሮ ይጀምራል። ባለሙያው ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት «በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም ጓደኛ አልሆንም፤ ይህን የማደርገው ምስጢርዎን ለመጠበቅ ነው» ብሎ በቃል ያስረዳ፤ ማንበብ ለሚችልም በጽሑፍ ይስጥ። መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላምታውን ተገልጋዩ እንዲጀምር መስማማትም ይጠቅማል። በሌሊት ሕይወቱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው በቴሌግራም ጽፎ መልስ ሲጠብቅ እንዳያድር፣ የት መሄድና ለማን መደወል እንዳለበት በዚያው ዕለት ሊነገረው ይገባል። ክሊኒኮችና ሆስፒታሎችም ለአማካሪዎቻቸው ከግል ስልካቸው የተለየ የሥራ ስልክ እንዲሰጡ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የሥነ ልቦና ተማሪዎቹን ወደ ተግባር ልምምድ ከመላኩ በፊት ይህንኑ በዝርዝር እንዲያስተምራቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የምክር አገልግሎት ባለሙያ
ከደሴ