አባታችንን ላስታመማችሁልንና ለሸኛችሁልን ሁሉ

አባታችን በሐምሌ ወር አርፈዋል። ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ሜዳ ዳር ብረት ሲቀጠቅጡ ኖረው፣ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ነው የተለዩን። የተወለዱት ጣሊያን አገራችን ውስጥ በነበረበት ጊዜ እንደሆነ እናታቸው ይነግሯቸው ነበር። ረጅም ዕድሜ ነው። እኛ ግን አልጠገብናቸውም።

በየቤታችሁ ዞረን ልናመሰግናችሁ ይገባን ነበር። ነገር ግን ብዙ ናችሁ፤ ፊታችሁን እንጂ ስማችሁን የማናውቀውም አላችሁ። ስለዚህ በእናታችንና በመላው ቤተሰባችን ስም በዚህ ጽሑፍ እግዚአብሔር ይስጥልን እላለሁ።

ሕመሙ የጠናባቸው ዝናብ ሲወርድ ባደረበት ሌሊት ነው። ወደ ቤታችን የሚወስደው መንገድ በክረምት መኪና አያስገባም። የሰፈሩ ልጆች አባባን በቃሬዛ ተሸክማችሁ፣ ጭቃው እግራችሁን እየያዘ፣ የጎጃም መንገድ አስፋልት ድረስ አወጣችሁልን። እዚያ ሚኒባሱን አስነስቶ የጠበቀን ሾፌር በዚያ ሁሉ ጉም መሀል ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ወርዶ፣ አዲሱ ገበያን አልፎ ሆስፒታል አደረሰን። ሒሳብ ስንለው ተቆጣን።

የሌሊት ተረኛ የነበረችውንም ነርስ አንረሳትም። አባባ በመጨረሻ አማርኛውን ትተው በልጅነት ቋንቋቸው፣ በኦሮምኛ ብቻ ነበር የሚያወሩት። እሷም በኦሮምኛ እየመለሰች፣ ትራሳቸውን እያስተካከለች፣ «አባ» እያለች ነበር የምታናግራቸው። ወላጆቿን ይባርክልን።

እድራችንን ለብቻው ላመስግን። አባባ ለብዙ ዓመታት የእድሩ ንብረት ያዥ ነበሩ። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ሰሃንና ኩባያው በእጃቸው ነበር። ከለቅሶ ቤት የተመለሰ ዕቃ ሳይቆጠር ግምጃ ቤት አይገባም። የድንኳኑን ካስማዎችም ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የሠሯቸው እሳቸው ናቸው። ጫፋቸውን አሹለው፣ ገመዱ እንዳያመልጥ አናታቸውን ቆልምመው። ለዚያ ሥራ ከእድሩ ሳንቲም አልተቀበሉም። በዚህ ሐምሌ እነዚያው ካስማዎች የእሳቸውን ለቅሶ ድንኳን ወጥረው ያዙ። ያንን ሁሉ ዝናብና ንፋስ ችለው አንዱም አልተነቀለ።

ሳይነጋ ጥሩምባ ነፍታችሁ በአማርኛም በኦሮምኛም ያረዳችሁ፣ በእርጥብ እንጨት ጢስ ዓይናችሁ እስኪቀላ ንፍሮ የቀቀላችሁ፣ በእምነት ሳንገናኝ በአህያና በጀሪካን ውሃ ስታመላልሱ የዋላችሁ ጎረቤቶቻችን፣ ከእናታችን ጎን ሳትለዩ ያደራችሁ እናቶች፣ ብድራችሁን በደስታ ለመመለስ ያብቃን።

ከከተማ ለመጣችሁና አባባን በቅርብ ለማታውቋቸው ስለ ሥራቸው ትንሽ ላጫውታችሁ። ሰኔ ሲገባ ገበሬው ጫፉ ያለቀ ማረሻ ይዞ ይመጣል። አባባ ማረሻውን ከመቀበላቸው በፊት ስለ መሬቱ ይጠይቃሉ። ዋልካ ነው ወይስ ጭንጫ? ከሜዳው በኩል ነው ወይስ ከተዳፋቱ? ከዚያ ወናፉ ይነፋል፣ ከሰሉ ይፋፋማል። ብረቱን በጉጠት ይዘው ቀለሙን ብቻ ነው የሚያዩት። ሲቀላ አይቸኩሉም። ወደ ብርቱካን ሲሄድ አውጥተው መስፉ ላይ ያሳርፉታል። ምቱ አጭር ነው፤ እጃቸው ከትከሻ በላይ አይነሳም። ከዚያ ጫፉን ብቻ ውሃ ውስጥ ነክረው ያወጡታል። ሙሉውን የነከረ ድንጋይ ላይ ይሰበርበታል ይሉ ነበር። ቀኝ ክንዳቸው ከክርናቸው እስከ አንጓቸው ድረስ በፍንጣሪ ጠባሳ የተሞላ ነበር። ጥቅምት ላይ ደግሞ ተራው የማጭድ ነው። የሱሉልታ ሣር ታጭዶ ድርቆሽ ሲከመር ከእሳቸው እጅ ያላለፈ ማጭድ ጥቂት ነበር።

ፊደል የቆጠሩት ጎልማሳ ሆነው ነው፤ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር። የእድሩን ዕቃ ዝርዝር በራሳቸው እጅ መጻፍ የቻሉት ከዚያ ወዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ደወል ሲያጣ የመኪና ቸርኬ ዛፍ ላይ ሰቅለው፣ መምቻ ብረት ሠርተው የሰጡትም እሳቸው ናቸው። በቀብሩ ቀን ዩኒፎርማችሁን ለብሳችሁ የመጣችሁ ልጆች፣ ይህንን ከማን እንደሰማችሁ አላውቅም። ተባረኩ።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ ላመሰግናችሁ ወደምፈልግበት ነገር ልምጣ።

አባባ ልጅ ሳሉ ቀጥቃጭ መባል ስድብ ነበር። ማረሻውን የሚፈልገው ሰው ከቀጥቃጩ ጋር ለመብላት ሰበብ ያበዛል። ልጁን ለቀጥቃጭ ልጅ አይድርም። ቡዳ ናቸው ይባላል። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። አባባ ስለ አዋጁ ከአባታቸው ሰምተው ነበር፤ እኛም ከእሳቸው ሰማን። አዋጁ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ተወልደው እንኳ ስድቡ አልቀረላቸውም። አያታችን ያረፉ ጊዜ ቀባሪው ከዘመድ ብዙም እንዳላለፈ አንድ ጊዜ ነግረውናል። በምሬት አልነበረም የነገሩን። ግን አልረሱትም። በኋላ ማንም ይሙት ማን፣ ካስማውን ተሸክመው ከቀዳሚዎቹ ጋር ለቅሶ ቤት የሚደርሱት ለዚህ ይመስለኛል።

የእሳቸው ቀን ሲደርስ ግን ሜዳው በሰው ተሞላ። አስከሬኑን ለመሸከም ሽማግሌዎች ከጎረምሶች ጋር ተሻማችሁ። በሠልስቱ ከእኛ ጋር በአንድ ትሪ ቀርባችሁ እያጎረሳችሁን በላችሁ። አንድ አዛውንት ገበሬ ማረሻቸውን ከነቀንበሩ ይዘው መጥተው ድንኳኑ በር ላይ አጋድመው አለቀሱ። እናንተ እንደማንኛውም ለቅሶ የደረሳችሁ ሊመስላችሁ ይችላል። እናታችን ግን እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ «አባቱን ያልቀበረ አገር እሱን ቀበረልኝ» ብላ ነው የተኛችው።

ካህናት አባቶቻችን፣ ከሩቅ የደወላችሁልን፣ በዚያ ጭቃ ከአዲስ አበባ የተመላለሳችሁ የሥራ ባልደረቦቻችን፣ አምላክ ክፉ አያሳያችሁ።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በሥራ ቤቱ ውስጥ ለአባባ የሰጣችኋቸው ማረሻና ዶማዎች አሉ። ከእሳቸው ሥራ የለመደው የወንድሜ ልጅ እሳቱን መልሶ አንድዷል፤ የቀሩትን ጨርሷቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥታችሁ ውሰዱ። ቀድማችሁ የከፈላችሁ ድጋሚ አትክፈሉ። የከፈለ ሰው ስም ግድግዳው ላይ በከሰል ተጽፏል።